«አንተ» እና «እርስዎ» በአእምሮ ሕሙማን ክፍል፤ ስለ አንድ መለኪያ የቀረበ ሂስ

በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጥናታቸውን ከሚያዘጋጁት ባልንጀሮቻችን መካከል ጥቂቶቹ፥ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኝተው በሚታከሙ ሰዎችና በሚከታተሏቸው ሠራተኞች መካከል ያለው አነጋገርና አቀራረብ ምን ያህል መልካም እንደ ሆነ ለመለካት አስበዋል። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ስለ መድኃኒቱ ዐይነት፥ ስለ አልጋው ቍጥር፥ ሕመምተኛው ታሞ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ስላለፈው ጊዜ ብዙ ተጽፏል። ከገባ በኋላ ግን በቀን ውስጥ ማን አነጋገረው፥ በምንስ ቃል አነጋገረው የሚለው ጥያቄ ከዳር ቆሞ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ የተመረጠውን መሣሪያ አግኝተን ካነበብነውና እኛም በጥቂቱ ከሞከርነው በኋላ፥ እንዳለ ተወስዶ በጅማ ቢሠራበት የሚሰጠው ቍጥር የማይታመን እንደሚሆን ስለ ተረዳን፥ ምክንያታችንን ለመምህራንና ለተማሪዎች ለማቅረብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መሣሪያው በአማርኛ የታወቀ ስም የለውም፤ እኛ «የግንኙነት ጥራት መዝገብ» ብለን እንጠራዋለን። ዲን፥ ፕራውድፉትና ሊንድሴይ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር አዘጋጅተው በ1993 አሳተሙት። የተሠራው በለንደን ከተማ በሁለት አነስተኛ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ይኖሩ የነበሩ፥ በእርጅና ዘመናቸው አእምሯቸው የታወከ ሰዎች የሚያገኙትን እንክብካቤ ለመገምገም ነበር። ኋላ ግን ወደ ሌሎች ክፍሎችና ወደ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ተዛምቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ተመልካቹ በክፍሉ አንድ ጥግ ይቀመጥና ለተወሰነ ሰዓት በሠራተኛና በሕመምተኛ መካከል ያየውን እያንዳንዱን ግንኙነት ከአምስት መደቦች በአንዱ ይጽፋል። የመጀመሪያው በጎ ማኅበራዊ ነው፤ ይኸውም ለጨዋታ፥ ለማጽናናት፥ ለወዳጅነት የተደረገ ንግግር ማለት ነው። ሁለተኛው በጎ እንክብካቤ ሲሆን፥ ሲያጥቡ፥ ሲያበሉ፥ መድኃኒት ሲሰጡ በአግባቡ የተነገረው ነው። ሦስተኛው ገለልተኛ ነው፤ አጭርና ስሜት የሌለበት። አራተኛው ጎጂ ጥበቃ ይባላል፤ ሕመምተኛውን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲባል፥ ነገር ግን ሳያስረዱና ሳያረጋጉ መከልከል ነው። አምስተኛው ጎጂ ክልከላ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የሰውየውን ነጻነት መቃወም ወይም ሰውየውን እንደሌለ ቈጥሮ ማለፍ በዚህ ይመደባል።

ስለ መሣሪያው መልካም ጎን አስቀድመን እንናገር። በመጠይቅ ከሚደረገው ጥናት ይህ እጅግ ይሻላል። ሩዶልፍ ሙስ የተባለው አሜሪካዊ በ1968 የሕሙማንን ክፍል «አየር» በመጠይቅ ለመለካት መሞከር ከጀመረ ወዲህ፥ ሕመምተኛውንና ሠራተኛውን እየጠየቁ ቍጥር ማውጣት የተለመደ ሆኗል። በእኛ አገር ግን ተኝቶ የሚታከም ሰው «እንክብካቤው እንዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ እስላሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ጠያቂውም «በጣም ረክቷል» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ሰውየው ያመሰገነው ፈጣሪውን ነው፤ በመዝገብ የተጻፈው ግን ሆስፒታሉ እንደ ተመሰገነ ሆኖ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ማየትንና መስማትን የመረጡ ሰዎች ከጠያቂዎቹ አንድ እርምጃ ቀድመዋል።

ወደ ክፍሉ ከመግባታችን በፊት ጆሯችንን ለማለማመድ ያህል መዝገቡን በሰፈራችን ሞከርነው። ሦስታችንም የምንኖረው በጅማ ከተማ በመንደራ ቆጪ ቀበሌ ነው። ሁለታችን ከሰሜን የመጣን ነን፤ ሦስተኛችን የአጋሮ ልጅ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አከራያችን ቡና ሲያፈሉ ወረቀታችንን ይዘን ተቀመጥን። አቦሉ ተጠጥቶ እንዳበቃ አንድ ጎረቤት ሥራ እንዳለበት ተናግሮ ሊነሣ ሲል፥ እመቤቲቱ ትከሻውን ተጭነው «ሞቼ እገኛለሁ! ቶናውን ሳትቀምስማ አትነሣም! ቁጭ በል!» አሉት። ሰውየውም እየሣቀ ተቀመጠ። በመዝገቡ ትእዛዝ መሠረት ይህ ምንድን ነው? ሰውየው ሊሄድ ፈለገ፤ ተከለከለ፤ ምክንያት አልተነገረውም፤ እጅም ተጫነው። መመሪያውን ቃል በቃል ከተከተልነው ጎጂ ክልከላ ብለን ልንጽፍ ነው። በዚያች በአንዲት የቡና ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ክልከላ አምስት ጊዜ ጻፍን። በዚያ ቤት ከዚያ የበለጠ ፍቅር የታየበት ነገር አልነበረም።

ነገሩ ለሣቅ የቀረበ ቢመስልም ወደ ክፍሉ ሲገባ ሣቁ ይቀራል። በእኛ አገር ነርስ መድኃኒት አልውጥም ያለውን ሕመምተኛ «በሞቴ ይዋጡልኝ፤ ስለ እኔ ብለው» ብላ ስትለምን መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ቃል ልመና ነው፤ ግን ደግሞ የማይገፋ ልመና ነው። «በሞቴ» የተባለ ሰው እምቢ ቢል ነውሩ የራሱ ነው። እንግዲህ ነርሷ ሕመምተኛውን አከበረችው ወይስ አስገደደችው? እኛ ሦስታችን በዚህ ተከራክረን አልተስማማንም፤ አንዱ በጎ ማኅበራዊ ነው አለ፤ ሌላው ጎጂ ጥበቃ ነው አለ፤ ሦስተኛው የሕመምተኛውን ፊት ሳላይ አልጽፍም አለ። ዛሬም ሦስተኛው ልክ ነበረ ብለን እናምናለን። ለንደን የተቀመጠው መመሪያ ግን ለዚህ ክርክር የሚሆን መልስ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም፤ የተጻፈው «በሞቴ» የሚል ሕዝብ ለሌለበት ቤት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የቋንቋው ነገር ነው። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም፥ ለሽማግሌውም፥ ለንጉሡም፥ ለእስረኛውም «ዩ» የሚል አንድ ቃል ብቻ አለው። በድሮ ዘመን «ዛው» የሚባል የቅርበት ቃል ነበራቸው፤ ዛሬ ከጥንት መጻሕፍትና ከጸሎት በቀር እምብዛም አይሰማም። በአማርኛ ግን ማንም ሰው አክብሮቱን ወይም ንቀቱን ሳያሳይ አንዲት ትእዛዝ እንኳ መናገር አይችልም። «ተነሣ» ወይም «ይነሡ» ማለት ግድ ነው፤ መካከለኛ መንገድ የለም። ግሱ ራሱ ይናገራል። አፋን ኦሮሞም «አቲ» እና «እስን» ብሎ ይለያል። ስለዚህ የለንደኑ ተመልካች የነርሷን አክብሮት ለማወቅ ድምፅዋን፥ ፊትዋን፥ የቆየችበትን ጊዜ መመርመር ሲገባው፥ የጅማው ተመልካች ከእነዚህ ሁሉ በፊት በግሱ መጨረሻ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። በእጃችን ያለውን ይህን ያህል የጠራ ምልክት ትተን ቋንቋቸው የሌላቸውን ምልክት ስንፈልግ መዋላችን የሚያሳዝን ነው።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን «መሣሪያው ተተርጕሞ ተፈትኗል» ብለው ይመልሱልን ይሆናል። ይህን ፈተና እንመልከተው። የተለመደው ሥርዓት እንዲህ ነው። እንግሊዝኛው ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጐማል፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ከተመሳሰሉ ትርጕሙ ትክክል ነው ተብሎ ይመሰከራል። አሁን አንዱ ተርጓሚ «ሲት ዳውን» የሚለውን «ተቀመጥ» ብሎ ተረጐመው እንበል፤ ሌላው ደግሞ «ይቀመጡ» ብሎ ተረጐመው። ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ ያው «ሲት ዳውን» ይሆናሉ። ፈተናው ሁለቱንም ያሳልፋል። የሽማግሌን ክብር የሚያዋርደውና የሚጠብቀው ቃል በዚህ ወንፊት አንድ ሆነው ይወርዳሉ። ወንፊቱ የተሠራው ከእንግሊዝኛ ክር ስለ ሆነ እንግሊዝኛ የሌለውን ነገር ሊይዝ አይችልም። ተመልካቾቻችንም ማስታወሻቸውን በእንግሊዝኛ የመጻፍ ልማድ ስላላቸው፥ የሰሙትን ሲጽፉ እዚያው በብዕራቸው ጫፍ ላይ ያጠፉታል፤ በኋላ መዝገቡን የሚያነበው መምህር ሊያገኘው አይችልም።

በዚህ ላይ «ተመልካቾቹ ተስማምተዋል» የሚለው ማስረጃ አያድንም። ያዕቆብ ኮኸን በ1960 ያወጣው «ካፓ» የተባለው ስሌት በሁለት ተመልካቾች መካከል ያለው መስማማት በአጋጣሚ ከሚመጣው ምን ያህል እንደሚበልጥ ያሳያል። ጠቃሚ ስሌት ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ መመሪያ ሠልጥነው አንድ ነገር አትስሙ ከተባሉ፥ ሁለቱም ሳይሰሙት ፍጹም ሊስማሙ ይችላሉ። በአንድ የተጣመመ ሚዛን ሁለት ጊዜ የተመዘነ ቡና ሁለት ጊዜም ያንኑ ያህል ይመዝናል፤ የአጋሮ ገበሬ ይህን ለማወቅ ስሌት አላስፈለገውም።

ያየነውን አንድ ነገር እንናገር። የሆስፒታሉን ስም አንጠራም፤ የሰዎቹንም ማንነት የሚያስታውቅ ነገር ትተናል። ተፈቅዶልን በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ሁለት ጧት ተቀመጥን። በጥግ ባለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው አጠገባቸው ሳለ ነርሱ መጥቶ «ሐጂ፥ እንዴት አደሩ? ይህችን ክኒን ይውሰዱ» አላቸው። በጎ እንክብካቤ ብለን ጻፍን፤ ሦስታችንም ተስማማን። በማግሥቱ ልጃቸው ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። ያው ነርስ በዚያው ሰዓት፥ በዚያው ቀስ ያለ ድምፅ «አፍህን ክፈት፤ ዋጠው» አላቸው። አልጮኸም፤ አልገፋቸውም፤ ውኃውን ራሱ ቀዳላቸው፤ መዋጣቸውንም አይቶ አለፈ። ከሰሜን የመጣነው ሁለታችን መመሪያውን ተከትለን እንደ ትናንትናው በጎ እንክብካቤ ብለን ጻፍን። የአጋሮው ልጅ ብዕሩን አስቀመጠ። «ትናንት ሐጂ የተባሉት በልጃቸው ፊት ነው» አለ። እኛም ወረቀታችንን አየነው፤ በሁለቱ ቀናት መካከል የሆነውን ነገር የሚጽፉበት ቦታ አልነበረውም።

በጅማና በዙሪያዋ የማዕረግ ስም ቀላል ነገር አይደለም። የጅማ ነገሥታት እንኳ የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም «አባ» እየተባሉ ነው፤ አባ ጅፋር የተጸውዖ ስም አይደለም። መካ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሐጂ ይባላል፤ ስሙ ብቻውን ከዚያ በኋላ በአደባባይ እምብዛም አይጠራም። እንዲህ ያለ ሰው ሲታመምና አልጋ ሲይዝ ማዕረጉ በር ላይ ከጫማው ጋር ቢቀር፥ ሕክምናው ከምን ጀመረ ሊባል ነው? ኤርቪንግ ጎፍማን በ1961 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ትልልቅ የአእምሮ ሆስፒታሎች ሰው ሲገባ የገዛ ራሱን ማንነት አንድ በአንድ እንደሚያወልቁበት ጽፏል። እርሱ ያየው ልብስ ሲወሰድ፥ ዕቃ ሲመዘገብ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ማውለቁ ልብስ ሳይነካ በአንዲት ፊደል ሊፈጸም ይችላል።

ለነርሱ ፍትሕ ለመስጠት አንድ ነገር እንጨምር። በዚያ ጧት ሥራ ላይ የነበሩት ሁለት ነርሶች ብቻ ነበሩ። የምንቀመጥበት ሰዓት ካለፈ በኋላ የረሳነውን ደብተር ልንወስድ ስንመለስ፥ ይኸው ነርስ ከሽማግሌው አልጋ ጫፍ ተቀምጦ ስለ ቡናቸው ሲጠይቃቸው አገኘነው፤ እንደ ገና «እርስዎ» እያለ። ወረቀታችን ተጣጥፎ በኪሳችን ነበረ። በመዝገቡ ቋንቋ ይህ ጨዋታ አልተደረገም።

ከዚህ የምንማረው ክብር የሚነገርበትን ቃል ብቻ ሳይሆን ቃሉ የሚለወጥበትን ጊዜ ማየት እንደሚገባ ነው። «አንተ» ማለት ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። እናት ልጇን፥ ባልንጀራ ባልንጀራውን፥ ጸሎተኛም ፈጣሪውን በ«አንተ» ይጠራል። የሃያ ዓመት ወጣት ሕመምተኛን «እርስዎ» ማለት ከማክበር ይልቅ ማራቅ ሊሆን ይችላል፤ ወጣቱ «ወንድሜ» መባልን ይወዳል። ስለዚህ «አንተ» ያለውን ሁሉ ጎጂ፥ «እርስዎ» ያለውን ሁሉ በጎ ብሎ የሚጽፍ ተመልካች ከለንደኑ የባሰ ስሕተት ይሠራል። እውነተኛው ምልክት ለውጡ ነው። አንድ ሰው በቤተ ዘመዱ ፊት በአንድ መንገድ፥ ቤተ ዘመዱ ሲሄድ በሌላ መንገድ ቢጠራ፤ ጸጥ ሲል «ጋሼ»፥ ሲጮኽ ደግሞ «አንተ» ቢባል፤ ይህ ለውጥ ራሱ ሊቈጠር ይችላል። ለዚህም ልዩ ሥልጠና አያስፈልግም፤ በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ጆሮው ሠልጥኗል።

ስለ ቤተ ዘመድ ካነሣን አይቀር፥ መዝገቡ አስታማሚ የሚባለውን ሰው ጨርሶ እንደማያውቀው መናገር አለብን። በለንደኑ ቤት ሁለት ወገኖች ብቻ አሉ፤ ሠራተኛና ነዋሪ። በእኛ ሆስፒታሎች ሦስተኛው ወገን ከአልጋው ሥር ያድራል፤ ምግብ ያመጣል፥ ልብስ ያጥባል፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያስተረጕማል። ከዳውሮ ወይም ከከፋ የመጣ ሕመምተኛ ከነርስ ጋር የሚነጋገረው ብዙ ጊዜ በወንድሙ አፍ ነው። ሐኪሙ «ሌሊት ይተኛል?» ብሎ ወንድምየውን ይጠይቃል፤ ሕመምተኛው በመካከል ተቀምጦ ስለ ራሱ ሲወራ ይሰማል። ይህን ምን ብለን እንጻፈው? ከሕመምተኛው ጋር ንግግር አልተደረገም ካልን ሐሰት ነው፤ ስለ እርሱ ነበረና። ሰውየውን እንደሌለ መቍጠር ነው ካልንም ብዙ ጊዜ ሐሰት ነው፤ በእኛ ልማድ ለታመመ ሰው ቤተ ዘመዱ መናገሩ ከባድ ሸክምን ማንሣት ነው። ነገር ግን ወንድምየው በሌለበት፥ ሕመምተኛውም የሚጠየቀውን ቋንቋ እየሰማ፥ «ይተኛል?» ተብሎ ባልደረባ ለባልደረባ ቢጠያየቅ፥ ያ እውነትም ሰውን እንደሌለ መቍጠር ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ቅጽ ያስፈልጋል። ቡና በሚለቀምበት ወራት አስታማሚው ወደ ማሳው መመለሱ የማይቀር ስለ ሆነ፥ ጥናቱ በየትኛው ወር እንደ ተደረገ እንኳ ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል እንላለን።

ጎጂ ጥበቃ የተባለውም መደብ እንዲሁ ከቤት ጀምሮ መታየት ያለበት ነው። በ2011 የታተመ የጅማ ጥናት 384 ሕመምተኞችን ጠይቆ፥ ግማሽ ያህሉ ወደ ሆስፒታል ከመምጣታቸው በፊት የሃይማኖት አባቶችን ወይም የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎችን እንደ ጐበኙ አግኝቷል። በሶዶ ወረዳ የተደረገና በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፥ ቤተ ዘመድ የታመመ ሰውን በሰንሰለት የሚያስረው ብዙ ጊዜ ከክፋት ሳይሆን፥ እንዳይጠፋ፥ እንዳይጎዳ፥ ሌላውንም እንዳይጎዳ ብሎ፥ ሕክምና በማጣት እንደ ሆነ አሳይቷል። በገመድ ታስሮ ለመጣ ሰው «ተው፥ ትወድቃለህ» የሚለው የነርስ ቃል ምን እንደሚመስለው የሚያውቀው ያ ሰው ብቻ ነው። ዝም ብሎ ከጥግ የሚመለከት ተማሪ አያውቀውም።

መዝገቡ የማይይዘው ሌላ ነገር ዝምታ ነው። የተደረገውን ንግግር ስለሚመድብ፥ ቀኑን ሙሉ ማንም ያላነጋገረው ሰው በመዝገቡ ውስጥ ጎጂ ነገር አልደረሰበትም፤ ክፍሉም በመቶኛ ሲሰላ መልካም ይመስላል። ይህን ጉድለት ሌሎች አስቀድመው አይተውታል። አኒ አልትሹል በ1972 ባሳተመችው ጥናቷ በአእምሮ ሕሙማን ክፍል የሚደረገውን የነርሶችና የሕሙማን ንግግር ስትመረምር፥ ነርሶቹን የሚመራ ይህ ነው የሚባል መርሕ አላገኘችም። በ1973 ደግሞ ዴቪድ ሮዘንሀን ጤነኛ ሰዎች ሕመምተኛ መስለው ወደ ሆስፒታሎች እንደ ገቡ ጽፎ፥ ለሐኪሞች አግባብ ያለው ጥያቄ ሲያቀርቡላቸው ከመቶ 71ዱ ፊታቸውን አዙረው እንዳለፉ፥ ከነርሶችና ከረዳቶች ደግሞ ከመቶ 88ቱ እንደዚሁ እንዳደረጉ ዘገበ። ቍጥሩ በዓለም ሁሉ ተጠቀሰ። በ2019 ሱዛና ካሃላን የተባለች ጋዜጠኛ ባሳተመችው መጽሐፍ፥ የሮዘንሀን ሥራ በእውነት እንደ ተጻፈው ተደርጎ እንደ ሆነ የሚያጠራጥሩ ብዙ ማስረጃዎች አቀረበች። ቍጥሮቹ ግን አሁንም በማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ። አንድ ጊዜ በሠንጠረዥ የገባ ቍጥር እንዴት ያለ ዕድሜ እንዳለው ከዚህ ይታያል፤ ስለዚህም ገና ሳይገባ መጠንቀቅ ይሻላል የምንለው።

አንዳንድ መምህራን «ቅጹን ብትለውጡት ውጤታችሁን ከውጭ አገር ውጤት ጋር ማወዳደር አትችሉም» ብለውናል። ተቃውሞው ከባድ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ በለንደን 70 ከመቶ፥ በጅማ 70 ከመቶ የሚል ሠንጠረዥ ቢወጣ፥ አንዱ የሚለካው ሌላው ከሚለካው የተለየ ስለ ሆነ ንጽጽሩ ከመጀመሪያውም አልነበረም። እነዚህን ቍጥሮች ለምሳሌ ያህል ብቻ አነሣናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማኖር የሚወድ ሰው አምስቱን መደቦች እንዳሉ ይጻፍ፤ በአጠገባቸው ግን ሁለት ዐምዶች ይጨምር። በአንደኛው ነርሱ የተናገረውን ቃል በተናገረበት ቋንቋ፥ በግሱ መጨረሻ ፊደል ሳይቀር ይጻፍ። በሁለተኛው አስታማሚው መኖሩን ወይም አለመኖሩን ያመልክት። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ መሥመር ማስመር ብቻ ነው። በየግማሽ ሰዓቱም ያልተነገረላቸውን ሰዎች ይቍጠር፤ ባዶውም እንደ ሙሉው ይጻፍ።

ይህን ሁሉ አጥብቀን የምንናገረው ቍጥሩ የሚሄድበትን ስፍራ ስለምናስብ ነው። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሠራተኛ ብዛቱ ምን ያህል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተጀመረው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ሸክሙን ለብቻው ተሸክሞ ኖረ። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻላይዜሽን ትምህርት ሲጀመር በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። ጅማም ከሙኒኩ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ከጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። ከጥቂት ባለሙያ ብዙ ሥራ በሚጠበቅበት ክፍል፥ «በጎ ግንኙነት ከመቶ ይህን ያህል» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፥ የሚወቀሰው ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ነርስ ነው፤ የሚመሰገነውም በተመልካች ፊት ድምፁን የሚያለሰልሰው ይሆናል። ሽማግሌው ግን ልጃቸው በሄደ ማግሥት ያው «አፍህን ክፈት» ይባላሉ፥ ወረቀቱም ይህን አይናገርም።

ዩኒቨርሲቲያችን ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ የሚጀምር ነው እየተባለ ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ዘመን ጀምሮ ሲነገር ኖሯል፤ እኛም በየቀበሌው እየተላክን ጕድጓድና ምንጭ ስንቈጥር ከርመናል። ሰው ሰውን በምን ቃል እንደሚጠራ ለመቍጠር ግን እስካሁን የላከን የለም።

የተሻሻለውን ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅተን ለሚፈልግ ባልንጀራ እንሰጣለን። የአፋን ኦሮሞው ቅጂ ገና አላለቀም። በ«አቲ» እና በ«እስን» መካከል ያለው መሥመር በጅማ ገጠርና በከተማው፥ በሽማግሌውና በወጣቱ ዘንድ አንድ እንዳልሆነ የአጋሮው ባልንጀራችን ስለ ነገረን፥ ሁለታችን ልንጽፈው አልደፈርንም፤ ይህን ከእኛ አብልጠው የሚሰሙ የሊሙ፥ የጎማና የሰቃ ልጆች በዚሁ መጽሔት ቢያርሙንና ቢጨምሩበት ደስ ይለናል።